በልደታ ማርያም ፊት የለቀቅሁት መሪ

አብነት ሰፈር ያለው ጋራዥ ውስጥ የጎረቤቶቼ ልጆች አሮጌ ጂፖቻቸውን ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ስብሰባ ሲያሰናዱ፣ የግሪሱን ሽታ እየማግሁ ቆሜ አያለሁ። አንዷ አልነሳም ስላለች በገመድ ልትጎተት ነው፤ ፍሬኗም ገና አልተሞከረም።

«ጋሼ፣ መሪዋን እርስዎ ይያዙልን» አሉኝ። እኔ የሰባ ዓመቱ ጀግና እምቢ ማለት አፍሬ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

በወጣትነቴ፣ መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በሳምንቱ፣ አጎቴ ጋሽ ታደሰ እንዲህ ያለች ጂፕ ላይ አስቀምጠውኝ ከፊት በጭነት መኪና ይጎትቱኝ ነበር። ልደታ ማርያም ስንደርስ እኔ ጻድቁ መሪዬን ለቅቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አማተብኩ። ዓይኔን ስገልጥ ጂፗ አፍንጫዋን አዙራ ጥግ ላይ ወደተቀመጡት ጧፍ ሻጭ እናት ትንደረደራለች። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ ኖሯል፤ ከእግራቸው አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

አጎቴ ወርደው መጡ፤ አልተቆጡኝም። «እመቤቴ ልብህን ታያለች፤ መንገዱን ግን አንተው እይ» አሉኝ ብቻ።

አሁን ገመዱ ተወጥሮ ጉዞ ጀምረናል። መሪዋን በሁለት እጄ አንቄያታለሁ።

«ጋሼ፣ ምነው አላበዎት?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው የጂፗ ባለቤት።

«ሙቀቱ ነው።»

የልደታ ማርያም ጉልላት ብቅ ሲል፣ ቀኝ እጄ ሳላዘው መላላት ጀመረ።