ተማሪዎቼ ያዞሩኝ ዕለት

ይህ የገጠመኝ ድርቁ በበረታበት ዓመት ነው። ጅግጅጋ ላይ ሶሻል ወርክ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል፤ የከተማው ቢሮዎች በእኔ ተማሪዎች የተሞሉ ናቸው። በዚህም ስኩራራ ኖሬያለሁ። አይ እኔ!

አንድ ማለዳ መናኸሪያው በረንዳ ላይ አንዲት እናት ተኮራምተው ተኝተው አገኘሁ። «ሆዮ» አልኳቸው፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። በኮልታፋ ሶማሊኛዬ ጠየቅኳቸው። ከደምበል ወረዳ ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው፣ ስልኩ አልነሳ ብሎ፣ እዚያው ብርድ ላይ ሰንብተዋል። ክፉኛ ያስላቸዋል። ዛሬም እዚያው ካደሩ የሚነጋላቸው አልመሰለኝም።

«ተማሪዎቼ እያሉ ምን ገዶኝ!» ብዬ በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ።

የሕፃናት ቢሮ ኃላፊ የሆነው የቀድሞ ተማሪዬ ፈርሃን ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ፕሮፌሰር! እንዴት ነዎት?» ሻይ አዘዘልን። ከዚያ «የእኛ ሥራ ከሕፃናት ጋር ነው፤ ወደ ሂቦ ቢሮ ሪፈር ላድርግልዎት» አለኝ።

ሂቦ ደግሞ «እኛ የምንቀበለው ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ነው። እሳቸውን ማን መታቸው?» አለች።

«ብርዱ!» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጤና ቢሮ ያለው ተስፋዬ «ሳል ብቻ ከሆነ ፈርሃን ጋ ይውሰዷቸው» አይለኝም! በስመ ሥላሴ! «እርስዎ እንዳስተማሩን ነው እኮ ፕሮፌሰር፤ ጉዳዩ ከእኛ ኃላፊነት ውጪ ሲሆን ወደሚመለከተው መላክ።»

ደሜ ፈላ። «ሰው እንደ ኳስ ተቀባበሉ ብዬ ነው ያስተማርኩህ?» ብዬው ወጣሁ። ሆዮ ባጃጁ ውስጥ ያስላሉ።

እንደዚያ ሆነን ስልኬ ጠራ። «ፕሮፌሰር፣ ሠልጣኞቹ ሊገቡ ነው፤ የት ደረሱ?» ለካ ያን ቀን ረፋድ ላይ ለቢሮ ኃላፊዎች ሥልጠና የምሰጠው እኔው ነኝ! ርዕሱን ልንገራችሁ? ጧሪ ያጡ አረጋውያን አያያዝ።

ሆዮን ደግፌ አዳራሽ ገባሁ። ሦስቱም ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እናቲቱን መሐላቸው አስቀመጥኩና «የዛሬው ሥልጠና እኚህ ናቸው። ማረፊያ ካላገኙ ምሳም የለም፣ ሰርተፊኬትም የለም» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሂቦ ባዶ ክፍል ያለው መጠለያ ትዝ አላት። ፈርሃን መኪና አስመጣ። ተስፋዬ ሐኪም ጠራ። ምሳ ሳይቀርብ ነገሩ አለቀ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ። ጠዋትስ ክፍሉም መኪናውም ሐኪሙም እጃቸው ላይ አልነበረም?

ሆዮ ደኅና ናቸው። ልጃቸውም ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ከተማ ላይ ጭነት ሲያራግፍ ተገኝቷል። የእኔ ንዴት ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ጭራሽ ብሶበታል። በቀደም አንድ አቅመ ደካማ አባት መንገድ ዳር ወድቀው አገኘሁና ለፈርሃን ደወልኩ።

«ችግር የለም ፕሮፌሰር» አለኝ በትሕትና፤ «ቀጣዩ ሥልጠና መቼ ነው? ያኔ ይዘዋቸው ይምጡ።»