በክረምት የምትነጣው ጥንቸል

ዛሬ በዚህ በሰው አገር ከቅዳሴ ስመለስ በረዶው ላይ ነጭ ጥንቸል አየሁ። ጆሮዋን ባታንቀሳቅስ ኖሮ ልረግጣት ነበር። አማተብሁና ቆምሁ፤ መሪጌታ አያቴ ትዝ አሉኝ።

ንፋስ መውጫ እማር በነበረ ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ እየወረደ መጽሐፌን አነበብሁላቸው፦ "በዋልታ አካባቢ ጥንቸል አውሬ እንዳያያት በክረምት ነጭ ትሆናለች።"

"በክረምት?" አሉ፣ ርጥብ ርጥብ የሚሸት የበግ ለምዳቸውን እየሰበሰቡ። "አገሩ ሁሉ ለምልሞ ሳለ ነጭ ብትሆን፣ ንስር ሆይ ና ብላኝ ማለቷ ነው? እንዲህ የሚዋሹሽ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ትቀሪያለሽ።"

እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ አስቀጠለችኝ። እሳቸው ግን ከትምህርት ቤት በተመለስሁ ቁጥር "ዛሬስ ምን ብለው ዋሹሽ?" ይሉኛል። እኔም እንዳያስቀሩኝ እየፈራሁ የተማርሁትን መርጬ እነግራቸዋለሁ።

ቤት እንደ ገባሁ ደወልሁላቸው።

"አባባ፣ ያችን ጥንቸል ዛሬ አየኋት። እውነትም ነጭ ናት።"

"ወሩ ማን ነው?"

"ታኅሣሥ።"

 

"ታኅሣሥማ በጋ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "መጽሐፍሽ ክረምት ነበር ያለው። ለመሆኑ ያ የምታስቀድሽበት ቤተ ክርስቲያን፣ የኛው ነው?"