እናቴ፣ መርፌዋና የማርያም ጽዋ

እናቴ የኮሮና ክትባት የተከተበችው ጽዋ ለመጠጣት ነው። ቀልድ አይደለም፤ ራሷ ነች ያለችኝ። ክትባቱ ሰቆጣ በብዛት የገባ ሰሞን እኛ የጤና ጣቢያ ነርሶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎን ድንኳን ተክለን፣ ከቅዳሴ የሚወጣውን ሰው እየለመንን እንከትብ ነበር። ሰዉ ይሸሸናል። እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መጣችና ክንዷን ዘረጋችልኝ።

“በይ ውጊኝ። ከእንግዲህ በአንድ ጽዋ እንጠጣለን አይደል?”

“እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እማ። መርፌው ክፉኛ እንዳትታመሚ፣ እንዳትሞቺ ይረዳል እንጂ በሽታው ጨርሶ አይዝሽም ማለት አይደለም። ከያዘሽ ደግሞ ለሌላ ሰው ልታስተላልፊ ትችያለሽ።”

የተወጋ ክንዷን እያሻሸች ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ታዲያ ለምን አቆሰልሽኝ?” ብላኝ ሄደች።

እናቴ ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን የምትጠጣው የማርያም ማኅበር አላት። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትጋግራለች፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለው አሮጌ የሸክላ ጽዋ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ይዞራል። በማኅበሩ ውስጥ ሁልጊዜ ከእናቴ ጎን የሚቀመጡት ባልንጀራዋ ናቸው። ሁለቱም ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ ተድረው የመጡ ናቸው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም ወደ ኽምጣና ቋንቋቸው ይገባሉ፤ እኛ ልጆቹ ገሚሱን እንሰማለን፣ ገሚሱን እንገምታለን። ባልንጀራዋ በወጣትነታቸው የሳምባ ነቀርሳ ይዟቸው ድነዋል። ሳምባቸው ግን አልተመለሰም። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሲወጡ መሀል ላይ ይቆሙና የሰው ፍየል እየተራገሙ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እናቴም አብራ ቆማ ፍየሎቹን ትራገማለች።

ኮሮና ሲመጣ ማኅበሩ መጀመሪያ ተቋረጠ። ኋላ ሁሉም የየራሱን መጠጫ ይዞ ይምጣ ተባለ። አንዷ የቆርቆሮ ኩባያ፣ አንዷ የፕላስቲክ ጆግ፣ አንዷ የልጅ ልጇን ጡጦ ክዳን ሳይቀር ይዘው ከች አሉ። እናቴ፣ “ይሄ ማኅበር ነው ወይስ ጠላ ቤት?” እያለች ወሩን ሙሉ ስታጉረመርም ከረመች። ከሁሉ የባሰው ግን ባልንጀራዋ ከቤት እንዳይወጡ መባላቸው ነበር። እናቴ ድርሻቸውን ይዛላቸው ትሄዳለች፤ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ፈንጠር ብላ ትቀመጣለች። አሮጊቷ ዳቦውን እያዩ፣ “ማርያምን በፌስታል ላካችሁልኝ?” አሉ አሉ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያን ጊዜ ማስክ ያደረገ ሰው አይቼ እንደሆነ አላስታውስም። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቤተሰብ በሚያድርበት ሰዓት ተራራቁ ማለትም ያሳፍራል። ከተማዋ ስትረጋጋ ሰው ሁሉ ኮሮናን ከነስሙ ረስቶት ነበር፤ ክትባቱ በብዛት የደረሰን ያኔ ነው።

ባልንጀራዋም ተከተቡ፤ እናቴ ናት እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው። ከዚያ በመጣው የማርያም ቀን እናቴ ማኅበሩ መሀል ተነስታ ጽዋው ይመለስ ብላ ተከራከረች። ቄሱ አመነቱ። “ልጅሽ ነርሷ ምን ትላለች?” ቢሏት፣ “ልጄማ ራሷ ናት የወጋችን” ብላ አረፈችው። ጽዋው ከጨርቁ ወጣ። ባልንጀራዋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲቀበሉት ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እናቴን ላደርሳት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ፈርቻለሁ፤ ግን ደስም ብሎኛል። የእነዚያን ሁለት ሴቶች ፊት አይቶ ደስ የማይለው ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

በዚያው ክረምት ባልንጀራዋ ታመሙ። ኮሮና ነበር። ከጽዋው ይሁን ከገበያ፣ ወይ ከቅዳሴ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ተደረገላቸው። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዋለች፤ የሚያልፈውን ሐኪም ሁሉ ታማትበዋለች። አሮጊቷ ከሞት ተረፉ። ክትባቱ ነው ያተረፋቸው ብዬ አምናለሁ፤ ያን ሳምባ አውቀዋለሁና። መርፌው የሚችለውን አደረገ። ነገር ግን እሳቸው አጠገብ ተቀምጦ የሚያስለውን ሰው ዝም ማሰኘት አይችልም፤ እሱ የእኛ የሰዎቹ ድርሻ ነበር።

ከሆስፒታል እንደወጡ መጀመሪያ የጠየቁት፣ “ጽዋው አሁን ማን ቤት ነው?” ብለው ነው። እናቴ ማታ እኔን ያዘችኝ። ስትከራከረኝ እንጂ ስትጠይቀኝ አይቻት አላውቅም ነበር።

“ምን ይሻላል? ድጋሚ ትታመማለች ብዬ እፈራለሁ። በፌስታል ልላክላት እንዳልል ደግሞ በሽታው ሳይሆን እሱ ይገድላታል።”

የማውቀውን ነገርኳት፤ መጠጫ መለየት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ የሚያስለው ሰው መቅረት። ጠዋት ቄሱ ዘንድ ሄደች። በሚቀጥለው ማኅበር ጠላው እንደ ድሮው በአንዱ ጽዋ ተባረከ፤ ከዚያ ግን ቄሱ እየዞሩ ከጽዋው በየሰው ኩባያ ቀዱ። አንዷ ማኅበርተኛ፣ “ተከትበናል እኮ፣ ኮሮናም አልቋል” ብላ ስትቃወም እናቴ፣ “ኮሮና ቢሄድም የእሷ ሳምባ እዚሁ ነው” አለቻት። የቀድሞዋ የጽዋ ጠበቃ ይህን ስትል ሰምቼ ኮራሁባት።

የሚያስለው ይቅር የሚለው ግን ሌላ ፈተና ሆነ። ሁሉም ተስማማ፣ ማንም አላከበረም። ማርያምን የሚያህል ቀን በጉንፋን ይቀራል ወይ? ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይገባሉ፤ “ምነው ያስልሻል?” ሲባሉ የመንገዱ አቧራ ነው ይላሉ። በሐምሌ ጭቃ አቧራ ከየት እንደሚመጣ እነሱ ይወቁት። የእናቴ ባልንጀራ ሳል በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ተነስተው እንዳይሄዱ ይሉኝታው ይይዛቸዋል። እናቴ ይህን ታያለች፤ ግን በሰው ቤት ሰው ማስወጣት አትችልም።

ባለፈው ክረምት የእናቴ ተራ ደረሰ። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት አደረ። ጠዋት ስትነሳ ግን ያስላታል። የኮሮና መመርመሪያ ከጤና ጣቢያ አምጥቼ መረመርኳት፤ የለባትም።

“ጉንፋን ነው፣ እማ። ማስክ አድርገሽ ዳር ላይ ተቀመጪ፣ ይበቃል።”

“ለእሷ ሳምባ ምን ልዩነት አለው?” አለችኝ። ማስኩን አድርጋ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። በገዛ ድግሷ ከገዛ ቤቷ ደጅ።

የመጣው ሰው ሁሉ ደነገጠ። ባልንጀራዋ ደርሰው ሲያዩዋት ግቢው መሀል ቆሙ፤ በኽምጣና ተጨቃጨቁ። የገባኝ፣ አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባ ማለታቸውን ነው። እናቴ ምን እንደመለሰች በሙሉ አልሰማሁም፤ አሮጊቷ ግን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው ገቡ። የቤቱን እመቤት ቦታ ያዙ፤ ዳቦውን አሳለፉ፤ ጠላው ሲባረክ በእናቴ ፋንታ ቆሙ። ቄሱ ደጅ ድረስ ወጥተው እናቴን ባረኩ፣ ኩባያዋንም ሞሉላት። ብቻዋን ጠጣች። ዝናቡም ጀምሮ ነበር።

እንደዚህ እንዳለን ከውስጥ ጉሮሮ ጠረግ ጠረግ ሲደረግ ተሰማ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ኩባያቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ወጡና እናቴ ካለችበት መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

“አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?” አለች እናቴ።

“ያስለኛል።”

እናቴ አየቻቸው። ከዚያ ዝናቡ እንዳይመታቸው ወደ ግድግዳው እንዲጠጉ በእጇ አሳየቻቸውና፣ “ማርያም ትማርሽ። ግን ከእኔም ራቅ በይ” አለቻቸው።

ባልንጀራዋ ይህን በተከፈተው በር ሰምተው ኖሮ ሳቁ። እናቴ ኩባያዋን እንደያዘች ጆሮዋን ወደ በሩ ሰጥታ ጠበቀች። ሳቃቸው አለቀ፤ ሳል አልተከተለውም።