አባቴ ጀፎረው ላይ ሲሮጥ

ዛሬ ጠዋት የልጄን የስፖርት ጫማ ሳጥብ ከሶሉ ሥር የተጨፈለቀ ሣር ወጣ። የጤዛና የሣር ሽታው እጄ ላይ ቀረ። አባቴም አብሮት መጣብኝ።

ቤታችን ከወልቂጤ ወጣ ብሎ፣ ጀፎረው ዳር ነበር። ጀፎረ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። መንገዳችንም፣ ሠርጋችንም፣ ለቅሷችንም እዚያው ነው።

አባቴ ከተማ ውስጥ ሱቅ ነበረው። ቀኑን ሙሉ ከሚዛኑ ጀርባ ተቀምጦ ይውልና ማታ ቆጮውን በቅቤ አርሶ ይበላል። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት የምርመራ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ስኳር ነበር፤ አያቴን እግሩን አስቆርጦ የቀበረው በሽታ። የአያቴ ክራንች ያኔም ጓዳ ውስጥ እንደቆመ ስለነበር በጣም ፈራሁ።

እናቴ፣ "ለልጆቹ አትንገራቸው" ስትለው ሰማሁ።

"አባቴ ያሳየኝ መታመሙን ብቻ ነው" አላት። "የእኔዎቹ ራስን መጠበቅንም ይዩ።"

በማግስቱ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዶ፣ ሸራ ጫማውን አጥልቆ፣ ጀፎረው ላይ ሮጠ። እኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ አንዱ ጀሪካን፣ ሌላው መጥረቢያ ይዞ ተከተለው። እያለከለኩ ደረሱበት።

"ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም! እኔ እንዳልሞት ነው።"

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መጥረቢያቸውን ሣሩ ላይ ጣሉት። "ታዲያ ቀስ ብለህ አትድንም? ቀልባችንን ገፈፍከው እኮ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግን ሰው በማስደንገጡ ተጨነቀ። ማታ እግሩን በለብታ ውሃ አጥቦ የጣቶቹን መሃል እያደራረቀ፣ "ነገ አንቺም አብረሽኝ ሩጪ" አለኝ። "ልጅ ካለ ጨዋታ ይመስላቸዋል።"

እናም ሮጥኩ፤ የሞተ ሰው እንደሌለ ምልክት ሆኜ። ጭጋጉ ከእንሰቱ ላይ ሲገፈፍ፣ ትንፋሹን ከጎኔ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ለአረፋ ክትፎ ሲቀርብ ድርሻውን ቀንሶ ወደ እንግዶቹ እየገፋ፣ "ከመሞት መሰንበት" ይላል። ሽማግሌውም ውለው አድረው ለመዱን፤ ከደጃቸው ሆነው "በርቱ!" ይሉን ጀመር። እንዲህ እያልን ስንት ዓመት ሮጥን። አግብቼ ወለድኩ፤ አባቴም በሁለት እግሩ ቆሞ ልጄን አቀፈ።

የሞተ ዕለት ልጠይቃቸው መጥቼ እዚያው አድሬ፣ ጎኑ ነበርኩ። ለሱብሒ ሊነሳ ሲል ልቡ ቀጥ አለ። ከጀፎረው ማዶ የሚኖረው አጎቴ ስልኩን አላነሳ ቢለን እናቴ ወደ እሱ ላከችኝ። በባዶ እግሬ፣ ጤዛውን እየረገጥኩ፣ ጀፎረው ላይ ሮጥኩ። አንድም ሰው አልወጣም። ሩጫችንን ለምደውት ነበር።

ሽማግሌው ብቻ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ።

"በርቺ!" አሉኝ እየሳቁ። "አባትሽን ዛሬ የት ጣልሽው?"

ቆምኩ። በእጄ ወደ ቤታችን ጠቆምኩ። ወደ ባዶ እግሬ አዩ፤ ሳቃቸው ጠፋ። ሰው ሲሞት የሚባለውን "ኢና ሊላሂ" ብለው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ፤ እጄንም ያዙ።

"ነይ ልጄ" አሉኝ። "አሁን ቀስ እንበል።"