ጠይብ ያሉኝ ቀን

በጣሊያን ጊዜ አምበር ከተማ አጠገብ መንደራችን በጋራ ብረት የሚሠራበት አንድ ዳስ ነበረን። ባለሙያው ጎረቤታችን ጠይቡ ነው። እኛ ገበሬዎቹ ተራ ገብተን ወናፍ እንነፋለን፣ ከሰል እናቀርባለን፤ እሱ የመንደሩን ማረሻና የአርበኞቹን ጠመንጃ ይጠግናል። ያለ እሱ እጅ ጫካ ያሉት ልጆቻችን በዱላ ሊዋጉ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ አብረን እየሠራን አብረን አንበላም ነበር። ቡዳ ነው ብለን ጀርባችንን ሰጥተነው እንጎርሳለን። እሱም አውቆ፣ በልተን እስክንጨርስ ፊቱን ወደ እሳቱ ያዞርልናል። ይህን እንደ ጨዋነት ነበር የምንቆጥርለት።

አንድ ጠዋት ወናፉን ስነፋ ለጣሊያን ያደሩ ባንዶች ዳሱን ከበቡት። ከከሰሉ ሥር የጠመንጃ ምላጭ አገኙ። አንዱን ሽማግሌ በሰደፍ ብለው ጥርሱን አረገፉት።

«ጠጋኙ ማነው?»

ማንም ትንፍሽ አላለም። የአጎቴን ልጅ ጉልበቱን በጥይት መቱት፤ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ እሱም ዝም አለ። ሁላችንም በጥላሸት ጠቁረናልና ጠይቡን ከእኛ መለየት አልቻሉም።

የባንዶቹ አለቃ ያው የአገራችን ሰው ነው። እጄን ገልብጦ አየና ሳቀ።

«ጠይቡስ አንተ ነህ! እናትህ ስንቱን በልታ ይሆን?»

ድሮም ቁጡ ነኝ። ደሜ ፈላ፤ ሞት ፊቴ መቆሙን ረሳሁት።

«አፍህን ያዝ! እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ! ጠይቡ ያውልህ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጣቴ ወደ እሱ እንደተቀሰረ ቀረ።

ብረት በሚቀጠቅጥበት ድንጋይ ላይ ሁለት እጁን አጋድመው በራሱ መዶሻ አደቀቁት። ጩኸቱ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ሊተኩሱበት ሲያቆሙት አንዴ አየኝና፣ እኛ ስንበላ እንደሚያደርገው ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ። ጀርባውን በጥይት በሳሱት፤ ዳሱንም በላዩ ላይ አቃጠሉት።

ጎረቤቶቼ አልገደሉኝም። ቢገድሉኝ በወደድሁ። ዳሱን መልሰን ስንሠራ መዶሻውን የሚይዝ ጠፋ፤ ስድቡን ማን ይሸከም? እኔ ያዝሁት። እያበላሸሁ፣ እጄን እያቃጠልሁ ተማርሁ።

ዓመት ሳይሞላ እኔንም ጠይብ ይሉኝ ጀመር። ምሳ ሲቀርብ ጀርባቸውን ይሰጡኛል። አንድም ቀን አልተቆጣሁም፤ በልተው እስኪጨርሱ ፊቴን ወደ እሳቱ አዞርላቸዋለሁ።