በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ በሳይንስ ፈተና «ዕፅዋት በስንት ይከፈላሉ? ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ መጣ። ሳላመነታ ጻፍኩ፦ «በሦስት ይከፈላሉ፤ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱ፣ በምሳር የሚቆረጡ።» ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው።

አባቴ ከሞላሌ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ባለ ደብር ቄስ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ፊደልና ንባብ ያስተምሩ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ሥነ ፍጥረት ይነግሩናል፤ ማክሰኞ ምድር ምን እንዳበቀለች፣ ሐሙስ ከባሕር ምን እንደወጣ፣ በልብ የሚሳበውን፣ በእግር የሚሽከረከረውን፣ በክንፍ የሚበረውን። ከተማሪዎቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤቶች «አባ፣ ድቁና ሊያሰጧት ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው «ፍጥረትን ለማወቅ ጥምጣም አያስፈልግም» ብለው ያልፏቸዋል። በትምህርት ሰዓት እኔም እንደ ሌሎቹ «የኔታ» ነበር የምላቸው፤ ቤት ስንገባ «አባባ»።

አንድ ቀን «ጓሳስ፣ የኔታ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጓሳ የቤታችንን ጣሪያ የምንከድንበት የደጋ ሣር ነው። በማጭድ ይታጨዳል፤ ግን እንደ ገብስ እህል አይደለም። አባቴ ጥቂት አሰቡና «እኔም መምህሬን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ» አሉ። አላውቅም የሚል መምህር ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልገጠመኝም፤ እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ማለት ሲገባኝ እንደዋጥኩት አውቃለሁ።

የፈተናው ወረቀት ሲመለስ መልሴ ላይ ትልቅ ኤክስ ተሰምሯል። ከሥሩ መምህሩ «ሁለት፦ አበባ ያላቸውና አበባ የሌላቸው» ብለው ጽፈዋል። በዚያች አንዲት ጥያቄ አንደኝነቱ ከእጄ ወጣ። ንዴት ከልጅነቴ ጀምሮ አይርቀኝም። ቤት እንኳ ሳልደርስ በቀጥታ ወደ ቅጥሩ ሄድኩ፤ ልጆቹ ንባብ ላይ ነበሩ። ወረቀቱን በሁሉም ፊት ዘርግቼ «የኔታ፣ ያስተማሩኝ ውሸት ነው!» አልኳቸው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ።

አባቴ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡት።

«መምህርሽ ስንት ነው የሚለው?»

«ሁለት።»

«ደግ። እንግዲህ የእሱን ያዢ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ቃል አስተምረውኝ አያውቁም። ለልብሴና ለደብተሬ በግ ሸጡ፤ ኮሌጅ ስገባም እስከ መኪናው ድረስ ሸኝተው መረቁኝ። አባባ አልተለዩኝም፤ የኔታን ግን አጣኋቸው። ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ለማሸት እንኳ አልሞከርኩም። ይባስ ብዬ የሳይንስ መምህርት ሆንኩ፤ ዛሬ ሞላሌ ላይ አራተኛ ክፍል የማስተምረው ያንኑ «ሁለት» ነው።

አምና ክረምት አባቴ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ንግግራቸውም ከበደ። ሆስፒታሉም ጠበሉም ተሞከረ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ እናቴ ደውላ «እህል መቅመስ ትተዋል፤ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት አመዳዩ ከገብሱ ላይ ሳይለቅ ተነስቼ በእግሬ ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ሳልናገር እንዳያመልጡኝ።

በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚታወቁባቸውን ጠባያት አስተምሬ ነበር። አባቴ አጠገብ ስቀመጥ ሳልፈልግ ቆጠርኩ። ይንቀሳቀሳል? ግራ እጃቸው ብቻ። ይመገባል? ከተዉ ሁለት ቀናቸው። ያድጋል? አልጋው ሰፍቷቸዋል። ይተነፍሳል? ጋቢው ደረታቸው ላይ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። በገዛ አባቴ ላይ ፈተና ማውጣቴ አሳፈረኝና አለቀስኩ።

«ይፍቱኝ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ቄስ ናቸው፤ ለመጣው ሁሉ እንደሚሉት «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሉኛል፣ በዚያው ያበቃል። እኔ የፈለግኩት መምህሬን ነበር።

«የኔታ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሰኞ ስለ ዕፅዋት ላስተምር ነው። በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱ… ሦስተኛው ጠፋኝ።»

ውሸቴን ነው። ዳዊት ስደግም ሲጠፋኝ እንኳ እሱ ጠፍቶኝ አያውቅም።

እናቴ የአጥሚቱን ኩባያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«በምሳር» አሉ በመጨረሻ። ትንፋሽ ወሰዱ። «በምሳር የሚቆረጡ።»

ያኔ እንደማደርገው ሦስቱንም ከመጀመሪያው ደገምኩላቸው። ሲሰሙኝ ቆይተው ግራ እጃቸውን እጄ ላይ ጣል አደረጉ።

«ያንቺስ… ሁለቱ?»

«አበባ ያላቸው» አልኩ። «አበባ የሌላቸው።»

ቃል በቃል እየተከተሉ ደገሙት። ፊደል የሚቆጥር ልጅ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም።

«ጓሳስ?» አሉኝ።

ጥያቄዬን ያን ሁሉ ዓመት ይዘውልኝ ኖረዋል።

«አበባ አለው፣ የኔታ። ስለሚያንስ ልብ አንለውም እንጂ፣ አለው።»

«ደግ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «እኔም አወቅኩ።»

እናቴ ኩባያውን አቀበለችኝ። ከእጄ ሦስት ማንኪያ ቀመሱ።