የግመሏ ሊንክ አህያ ሲያሳይ

ቆቦ ውስጥ ከእኔ በፊት ዌብሳይት የሠራ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሬድዮ ጠግኛለሁ፣ የውሃ ፓምፕ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ደግሞ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። የተማሩት ልጆች አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚቀመጡበትን እኔ በአንድ ክረምት ጨረስኩት።

የሠራሁት የጠፋ ከብት የሚፈለግበት ገጽ ነው። ያገኘ ሰው ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፤ የጠፋበት አይቶ ይመጣል። የእኛ አገር ኔትወርክ ደስ ሲለው የሚመጣ ስለሆነ፣ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ገጹ በሙሉ ከሰርቨር፣ ማለትም ገጹን ከያዘው ሩቅ ኮምፒውተር፣ እንዲጫን አላደረግሁም። አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ከበሬ ወደ ፍየል፣ ከፍየል ወደ ግመል ሲኬድ ስልኩ ላይ ውስጡ ብቻ ይለዋወጣል። ፍጥነቱን ያየ ሁሉ ማን ሠራልህ ይለኝ ነበር። ማን ይሠራልኛል!

ጎረቤቴ አብሮ አደጌ ነው፤ ግመል ያረባል። ያለችው አንዲት ሴት ግመል ልትወልድ ደርሳ ሳለ ጠፋችበት። ዋጃ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ግቢዋ ገብታ አገኘቻት። ፎቶዋን ገጼ ላይ ለጠፈች፤ ከዚያ ገጹ ላይ ግመሏን ከፍታ እያየች ከላይ ያለውን ሊንክ ቀድታ ለምታውቃቸው የሚኒባስ ሾፌሮች ላከች። ሊንኩ ከስልክ ስልክ ዞሮ ጎረቤቴ ዘንድ ደረሰ። ሲከፍተው አህያ ወጣች።

አህያዋ የእኔ ናት፤ ለሙከራ መነሻው ገጽ ላይ የለጠፍኳት። ጎረቤቴ ማንበብ ስለማይችል ፎቶውን ብቻ አየ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ በአፋር በኩል በረሃ ለበረሃ ሦስት ቀን ሲንከራተት ቆየ። ባዶ እጁን ተመልሶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደጄ ላይ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ግመል ለጠፋበት ሰው አህያ የምታሳየው ምን አድርጌህ ነው?»

ሳቄ መጣ። ሊንኩን ሳየው ግን ሳቄ ቆመ። ውስጡ ሲለዋወጥ ከላይ ያለው አድራሻ አብሮ እንዲለወጥ አላደረግሁም ነበር። ሴትዮዋ ግመሏ ላይ ሆና የቀዳችው የመነሻውን ገጽ አድራሻ ነው፤ መነሻው ላይ ያለችው ደግሞ የእኔ አህያ ናት። ዝርዝሩን ከፍቼ ግመሏን አሳየሁት። አንገቷ ላይ ያለውን ምልክት ሲያይ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

በሚኒባስ ዋጃ ወረድን። ግመሏ በዋዜማው ወልዳለች። ሻይ ሻጯ የማሽላ አገዳዋ ስለተበላ አኩርፋለች።

«ባለቤቷ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር?» አለች።

«አህያ ሳይ» አላት።

እንደተመለስኩ ለእያንዳንዱ ከብት የራሱን አድራሻ ሰጠሁት፤ ለመሞከሪያም የአዲሷን ግልገል ፎቶ ለጠፍኩ። ጎረቤቴ ላፕቶፔ ላይ ግልገሏን ነክቶ ከፈታት፤ አማረችለት። ገጹን ሲያድሰው ግን «አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሰርቨሩ የሚያውቀው አንዱን የመነሻ በር ብቻ ነው፤ የግልገሏን አድራሻ የሚያውቀው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ የቤት ቁጥር የሚያውቅ የለም፤ እንግዳ ሁሉ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይላካል፣ ባለወፍጮው የሚፈልገውን ቤት ያሳየዋል። ሰርቨሩንም እንዲሁ አዘዝኩት፦ የማታውቀውን አድራሻ ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደ መነሻው ገጽ ላክ፤ አድራሻውን አንብቦ ከብቱ ጋ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሌሎችም እንዲህ እንደሚያደርጉ በኋላ ሰማሁ። ከእኔ ሰምተው ይሆናል።

የግልገሏን ሊንክ ላክሁለት። ደጄ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያድሳል። ግልገሏ እየደጋገመች ትመጣለች። አስር ጊዜ ያህል ሲያደርገው ታገስኩት።

«አሁን ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«አህያህን» አለኝ፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።